ሰባት እጅ ሰም

ላንድሮቨሯ ልትመለስ ነው!

ወሬውን የሰማሁት ባለፈው ሐሙስ ነው። የጤና ጣቢያችን ድሬሰር ከስብሰባ ገብተው፣ ገና የመንገዱን አቧራ ከትከሻቸው ሳያራግፉ፣ በአጥራችን ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ጥሩዬ የት አለች? ያቺ ማመልከቻሽ መልስ ይዛ መጣች!» ብለው ተጣሩ። ደብተሬን ወርውሬ ዘለልኩ። እማዬ ከጓዳ እልልታዋን ስትለቀው የጎረቤት ዶሮዎች ሁሉ ተበተኑ። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኛ! በእኔ የእጅ ጽሕፈት፣ በእኔ ቃል፣ የቀበሌያችን ሴቶች አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው የፈረሙበት ወረቀት ነው ሄዶ መኪና የጎተተው።

እማዬ እልልታዋን ሳትጨርስ «ታዲያ ጋሽ ሰይድ ናቸው ይዘዋት የሚመጡት?» አለች።

ድሬሰሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ጋሽ ሰይድማ በክረምቱ ዐርፈዋል» አሉ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንዲህ ነኝ። እየሄድኩ እዘላለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ድንገት ቆም እላለሁ። ወሬውን ከሰው ሁሉ አስቀድሜ ልነግራቸው የምፈልገው እሳቸውን ነበር። ደስታዬ አልጎደለም፤ የምሰጠው ሰው ነው ያጣሁት። ስለዚህ ለእናንተ፣ ለትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ አንባቢዎች፣ ስለ እሳቸው እጽፋለሁ።

እሳቸውን ለምታውቁም ለማታውቁም፣ ጋሽ ሰይድ የጤና ጣቢያው ሾፌር ነበሩ። አጠር ያሉ፣ ራሰ በራ፣ ከሰማያዊ ቱታቸው የላይኛ ኪስ ሁልጊዜ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ብቅ የሚል ሰው። በወጣትነታቸው ደሴ፣ በአንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀለም ሲቀቡ ኖረዋል። ወደ እኛ አገር የመጡት ከመኪናዋ ጋር ነው። ሚስታቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ከማል ወደ ሰሜን ዘምቷል። ከመኪናዋ መጠለያ ጋር በተያያዘች አንዲት ክፍል ይኖሩ ነበር፤ ከእኛ ቤት የሚለያት አጥር ብቻ ነው። ሲያስሉ እንሰማለን፣ ጫማቸውን ሲያራግፉ እንሰማለን። ከሰው ጋር ሲጫወቱ ግን ሰምተን አናውቅም። አርብ አርብ በከተማችን ካሉት ጥቂት እስላም ነጋዴዎች ጋር በአንደኛው ቤት ይሰግዳሉ፤ ሰግደው፣ የሁሉንም ደኅንነት ጠይቀው ይመለሳሉ። ነጋዴዎቹ ከስግደት በኋላ ስለ ጨውና ስለ አቡጀዲ ያወራሉ። ጋሽ ሰይድ ስለ ጨው ምን ያውቃሉ?

ያን ጊዜ እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። እማዬ፣ እትዬ ፈንታዬ፣ የጤና ጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ ስለሆነች ግቢው እንደ ቤታችን ነበር።

የዐቢይ ጾም ሲገባ አንድ ወረቀት መጣ። ከፋሲካ በኋላ ኮሚቴ መጥቶ የመንግሥት መኪናዎችን ይመረምራል፤ ዝገት የበላቸው ከአገልግሎት ይወገዳሉ ይላል። የእኛዋ ላንድሮቨር ሞተሯ ደኅና ነበር፤ አካሏ ግን አልቆ ነበር። ከበሮቿ ሥር ዝገቱ በጣት ሲነኩት እንደ ሽንብራ ቆሎ ይረግፋል። እሷ ከተወገደች ደግሞ ያለው ቃሬዛ ብቻ ነው፤ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ዋናው መንገድ እስኪደርሱ ሙሉ ቀን። በጋ ላይ እስከ ወገዳ ከተማ ድረስ ሄዳ ሕመምተኛ ታመጣ የነበረችው እሷው ነች።

ድሬሰሩ ወረቀቱን ሲያነቡላቸው ጋሽ ሰይድ ቆመው ሰሙ። «ስንት ሳምንት አለን?» አሉ።

«ዘጠኝ።»

«ይበቃል» ብለው ወደ ገበያ ወጡ።

ያን ዕለት አርብ ነበር። ማር ሻጮቹን አንድ በአንድ እየዞሩ ማሩን ሳይሆን ሰፈፉን ጠየቁ፤ ሰሙን ማለቴ ነው። ከቤተ ልሔም ደብር የመጡ አንድ መሪጌታ ለጧፍ የሚሆን ሰም ገዝተው በአኮፋዳቸው ይዘው ነበር። ጋሽ ሰይድ ጠጋ ብለው ከእሱ ላይ እንዲያካፍሏቸው ለመኗቸው።

«ለምን ይሆንዎታል?» አሉ መሪጌታው።

«ለመኪና ነው አባቴ።»

«መኪና ደግሞ በጧፍ ምን ልታነብ ነው?»

«ዝናብ እንዳይበላት ልቀባት ነው።»

መሪጌታው ትንሽ አሰቡና ካለው ላይ ግማሹን ቆርሰው ሰጧቸው። «ባለፈው ዓመት የኛን ዲያቆን ከሞት ያመጣች እሷ አይደለችም? ይቀቧት» አሉ። ለሰሙ ምንም አልተቀበሉም።

እንግዲህ ሥራው እንዲህ ነበር። በመጀመሪያ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈጉ አወረዱ፤ የተበሳውን በስቱኮ ደፈኑ፤ ከዚያ ከመጋዘን የተገኘችውን ሁለት ቆርቆሮ ነጭ ቀለም ቀቧት። ሰው ሁሉ «አበቃ፣ አማረች» ሲል ጋሽ ሰይድ «አሁን ተጀመረ» አሉ። «ቀለም ለዓይን ነው። ዝናብ ዓይን የለውም።»

ሰሙን አቅልጠው፣ የተልባ ዘይት ጨምረው፣ ከእሳቱ አርቀው ቀለም የሚያቀጥኑበትን አኳራጅ ያንጠባጥቡበታል። ሲበርድ እንደ ለጋ ቅቤ ቢጫ ሆኖ ይረጋል። ከዚያ በጨርቅ እየነኩ፣ ኮፈኗን፣ በሮቿን፣ ጣሪያዋን ትንንሽ ክብ እየሠሩ ይቀቧታል። ቀለም ቀቢዎች አንዱን ዙር «አንድ እጅ» ይሉታል። አንድ እጅ እስኪደርቅ አምስት ስድስት ቀን ይፈጃል። ጋሽ ሰይድ ያሰቡት ሰባት እጅ ነበር።

«ለምን በአንዴ ወፈር አድርገው አይገላገሉም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ወፍራም የተቀባ ይላጣል፤ ስስ የተቀባ ይቆያል። ስስ! ስስ!» አሉኝ። ይህቺን ቃል ለሁሉም ነገር ይሏት ነበር። እማዬ ዳቦ ላይ ማር ስትቀባላቸው «ስስ!»፣ ድሬሰሩ በስብሰባ ሲቆጡ «ስስ አድርገው ይቆጡ!»።

የቀቡትን ሲመረምሩ መዳፋቸውን አይጠቀሙም። መዳፍ ላብ አለው ይላሉ። የእጃቸውን ጀርባ ነበር በስሱ የሚያሳልፉት፣ ትኩሳት ያለበት ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጉንጫቸውን ወደ ኮፈኑ አስጠግተው ብርሃኑ እንዴት እንደሚሄድ ያያሉ። ሲጨርሱ የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው አሥር እርምጃ ርቀው ይቀመጣሉ። ሰሙ እስኪደርቅ አቧራ የሚያስነሳ፣ እህል የሚያበጥር፣ አህያ የሚነዳ በዚያ ማለፍ የለበትም። ሰው ሲመጣ ከሩቁ እጃቸውን ያወናጭፋሉ። በዚህ የተነሳ ሰው ሁሉ እየዞረ ማለፍ ለመደ። ሙሉ ቀን ብቻቸውን ከአንዲት መኪና ፊት ለፊት ተቀምጠው ይውላሉ። አርብ ቀን ብቻ ገበያተኛው በአጥሩ በኩል ቆሞ ያያል። «ዓይናችሁ ይጥገብ፤ እጃችሁ ግን ይጹም» ይሉታል፤ ሁዳዴ ነበርና ይሥቃል።

በዚያ መሃል ሁለት ጊዜ ሕመምተኛ መጣ። ሁለቱንም ጊዜ ሰሙ እርጥብ ነበር። ጋሽ ሰይድ አንዴም «ቆዩ» አላሉም፤ ቁልፋቸውን አንስተው ነዷት። ስትመለስ የገደሉን አቧራ ሁሉ ለብሳ፣ አቧራው ከሰሙ ጋር ተጋግሮ ትመጣለች። ያንን እጅ በእንጨት ፍቀው እንደገና ይጀምራሉ።

አሁን የእኛን ጥፋት ልናገር።

እማዬ ታናሽ ወንድሜን የወለደችው በዚያች መኪና ወደ ሐኪም ተወስዳ ነው። ምጡ ሁለት ቀን ፈጅቶባት ነበር። መንገድ ላይ፣ ከኋላ ተጋድማ፣ በሩን ጨብጣ «አንቺ መኪና፣ በሰላም ካወጣሽኝ ራስሽን ቅቤ እቀባሻለሁ» ብላ ነበር። እዚህ አገር የዋለልን ሰው ራሱ ቅቤ ይቀባል፤ እማዬ ደግሞ የተናገረችውን አትረሳም። ላማችን እስክትወልድ ጠበቀች። ላሚቱ በጾሙ ወለደች፤ ቅቤ የሚበላ ስለሌለም ለፋሲካ እየተባለ ቅሉ ሞላ።

ሆሳዕና ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አርብ ቀን፣ ጋሽ ሰይድ ሊሰግዱ ሄዱ። አምስተኛው እጅ ደርቆ፣ ስድስተኛው በማግስቱ ሊቀባ ነበር። እማዬ ቅሏን ይዛ ወጣች።

«እማዬ፣ ጋሽ ሰይድ በእጅ አትንኩ ብለዋል» አልኳት።

«በእጅ ማን ነካ? በቅቤ ነው እንጂ! ደግሞ እሳቸውስ ምን ሲቀቧት ነው የሚውሉት? ይኸው እዪ፣ ቆርቆሮው ባዶ ነው። ወንደላጤ ሰው ከየት አምጥተው ይቀቧታል? ነይ፣ ቁመት አለሽ፣ ጣሪያው ላይ ድረሺልኝ።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የሰሙን ነገር የሰማሁት በኋላ ነው እንጂ ያኔ እኔም ቅቤ መስሎኝ ነበር። ሽታው ለየት ቢልም፣ ደሴዎች ቅመም የሚጨምሩበት ነገር ይኖራል ብዬ። እኔ ጣሪያውን፣ እማዬ ኮፈኑን፣ እንደ ሙሽራ ራስ እየደባበስን፣ «እሰይ፣ እሰይ» እያልን ጨረስናት።

የገበያ ቀን ነው። አህዮቹ ሲያልፉ አቧራው እየተነሳ መጣና ቅቤው ላይ ዐረፈ። ፀሐዩ ሲበረታ ቅቤው እየቀለጠ በመስታወቱ ወረደ። ዝንቡ ከማር ተራ ተነቅሎ የመጣ ይመስል ነበር፤ የድሬሰሩ ውሻ ደግሞ ሾፌሩ በሚገባበት በር በኩል ቆሞ ይልሳል። «ሂድ! ጾም አታውቅ!» እያለች እማዬ ታባርረዋለች።

ጋሽ ሰይድ ሲመጡ በሩ ላይ ቆሙ። እኔ ፊታቸውን ነበር የማየው። አንድ ጊዜ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቀስ ብለው መጡ።

«ምነው፣ ልትዳር ነው እንዴ?» አሉ።

«ስለቴን አድርሼ ነው ጋሽ ሰይድ። በልጄ ጊዜ የተሳልኩት ነው። ለጋ ነው፣ አዲስ የወለደች ላም!» አለች እማዬ፣ እጇ እስከ ክርኗ እያብረቀረቀ።

ጋሽ ሰይድ ቆባቸውን አውልቀው መላጣቸውን አሳዩአት። «እንዲህ ያለ ለጋ ቅቤ ይዘው፣ እትዬ ፈንታዬ፣ እኔን አልፈው እሷ ዘንድ ሄዱ?»

«እርስዎማ ምኑ ላይ ይያዛል? ፀጉር ያለው ራስ ያምጡና!»

በአጥሩ በኩል የነበረው ገበያተኛ ሁሉ ሣቀ። እማዬ ደስ ብሏት ቅሏን ይዛ ገባች። እኔ ቀረሁ። ጋሽ ሰይድ ሣጥናቸው ላይ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ አጠፋን?»

«ስድስተኛው እጅ ቅቤ ላይ አይዝም» አሉ። «ቅቤው አምስቱን አልስልሷቸዋል።»

«እና ምን ይሆናል?»

«ከቀለሙ ጀምሮ ነዋ።» ጣታቸውን ቆጠሩ። የቀረው አሥራ ስድስት ቀን ነበር። ቆይተው «ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ስለት ነው» አሉኝ።

አልነገርኩም። ግን እማዬ አፍንጫ አላት። በማግስቱ ጧት የእንዶድ ሽታ በአጥሩ ገባ። ወጥታ ስታይ ጋሽ ሰይድ ብቻቸውን እንዶድ እየወቀጡ፣ ቅቤውን በአረፋ እያጠቡ፣ የሰሙን ልባስ በእንጨት እየፋቁ ነበር። እማዬ ትንሽ አየቻቸው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሙቀጫውን ከእጃቸው ተቀብላ መውቀጥ ጀመረች። ስለ ቅቤ አንድ ቃል አልተነገረም። እስከ ቀትር ሁለቱ ጎን ለጎን ሠሩ። እኔ በዚያ ቀን ያየሁትን ያህል ይቅርታ መጠየቅና ይቅር ማለት ከዚያ በኋላ አላየሁም።

ሕማማቱን ሙሉ፣ አገሩ በስግደት ላይ ሳለ፣ ጋሽ ሰይድ መኪናዋን ከፀሐይ ወደ ፀሐይ እየገፉ በሦስት በሦስት ቀን አንድ እጅ ይቀቡ ነበር። በፋሲካ ቀን ከሰዓት በኋላ እማዬ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አሸክማ ላከችኝ። የእኛን እርድ ስለማይበሉ ሥጋ አይላክላቸውም። ከተማው በሙሉ በየቤቱ ነው፤ መንገዱ ላይ ሰው የለም። ጋሽ ሰይድ አሥር እርምጃ ርቀው ሣጥናቸው ላይ ተቀምጠዋል። መኪናዋ ፊት ለፊታቸው እየደረቀች ነው። ዳቦውን ተቀብለው መርቀውኝ፣ ልመለስ ስል «ጥሩዬ፣ እጅሽ ይጽፋል?» አሉኝ።

«ይጽፋል ጋሼ።»

«እንግዲያው ለከማል ጻፊልኝ።»

ሮጬ ደብተር አመጣሁ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ለምወድህ ልጄ ለከማል፣ በዪ» አሉ። ጻፍኩ። «እንደምን አለህ፣ በዪ። እኔ ደኅና ነኝ።» ጻፍኩ። ከዚያ ቆሙ። መኪናዋን ያያሉ፤ እጃቸውን ያያሉ። እርሳሴን ይዤ ጠበቅሁ። ከየቤቱ የከበሮ ድምፅ ይመጣል። ብዙ ቆይተው እንዲህ አሉ፦

«እዚያ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ጫማህን ሰም ቀባው። አንድ ብርጭቆ ሰም፣ ሁለት ብርጭቆ የተልባ ዘይት። ሰም ካጣህ ሻማ ይሆናል። ሦስት እጅ ቀባው። ስስ አድርግ። አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አትደርብ። ስፌቱን አትርሳ፤ ውሃ የሚገባው በስፌት ነው። እግርህ ደረቅ ይሁን።»

«ጨረሱ?» አልኩ።

«ጨረስኩ።»

«ጋሼ፣ ናፍቀኸኛል አይሉትም?»

«ይህን ሁሉ ያልኩት ለጫማው ብዬ መሰለሽ?» አሉኝ፤ ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ አዞሩ።

የጦር ክፍሉን ቁጥር ከአንድ አሮጌ ፖስታ ላይ ገልብጬ ጻፍኩ። ለመምህር ብዬ ሳይሆን ለሰው ብዬ የጻፍኩት የመጀመሪያው ነገር ያ ነበር። መልስ አልመጣም። ከዋናው መንገድ በተመለሱ ቁጥር የጤና ጣቢያውን የፖስታ ከረጢት ለድሬሰሩ ሲያስረክቡ፣ ድሬሰሩ ሁሉንም አንብበው እስኪጨርሱ በሩ ላይ ይቆማሉ። ከዚያ ጨርቃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ወደ መኪናዋ ይሄዳሉ።

ኮሚቴው መጣ። አራት ሰዎች ነበሩ። የተቀባችው አራት እጅ ብቻ ነበር፤ ሰባት አልደረሰም። ግን እናንተ ልታዩአት ይገባ ነበር! ነጭነቷ ወተት ሆኖ፣ ጠብታ ውሃ ሲፈስባት ሳያርፍ እየተንከባለለ ይወርዳል። የኮሚቴው መሪ ኮፈኗ ላይ ፊታቸውን አይተው አንገትጌያቸውን አስተካከሉ።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ከእኔ ጥቂት ታንሳለች ጓድ» አሉ ጋሽ ሰይድ። ሁላችንም ሣቅን። ተርፋለች ብለን አምነናል፤ እማዬ እልልታዋን ጉሮሮዋ ላይ ይዛው ነበር።

መሪው መኪናዋን ዞሩ። በሮቿን ከፈቱ ዘጉ። «ይህን የመሰለች መኪና እዚህ ገደል ለገደል ምን ትሠራለች?» አሉ። «እኛ ዘንድ ዝገት በልቷቸው የቆሙ ሦስት አሉ። ይህቺ ወደዚያ ትሂድ።»

ድሬሰሩ ስለ ቃሬዛው፣ ስለ ዳገቱ ተናገሩ። ጋሽ ሰይድ ጨርቃቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ጓድ፣ እኔ ለዚህ አገር ብዬ ነው የቀባኋት» አሉ።

«አገር አንድ ነው» አሉ መሪው።

ሰዎቹን አልወቅስም። እነሱም ዘንድ ሕመምተኛ አለ። የኮሚቴው መሪ የእኛን ዳገት በእግራቸው አልወጡትም፤ ያ ብቻ ነው። የእኛ ጥፋት ደግሞ ሌላ ነበር፤ ዝገቷን ብቻ ስንፈራ ማማሯን ሳንፈራ ቀረን።

ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ነዱ፤ ከመኪናዋ ጋር እሳቸውም ተዛውረዋል። ሊወጡ ሲሉ እማዬ በመስኮቱ በኩል ቆማ «ቅቤዬን ባናጥበው ኖሮ ይኸኔ ዝንብ ወርሯት ማን ይፈልጋት ነበር!» አለች። ጋሽ ሰይድ የመኪናዋን መሪ ይዘው ሣቁ፤ ዕንባቸው እስኪወርድ ሣቁ። መጀመሪያ የሣቅ ዕንባ ነበር። ጠጠር እንዳይመታት ቀስ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው ሄዱ፤ እስከ መታጠፊያው ድረስ በእግሬ ተከተልኳቸው።

ሣጥናቸው ግቢው ውስጥ ቀረ። አንድ ቀን ተቀመጥኩበት። ፊት ለፊቴ ዘይት የጠጣ፣ ሣር የማያበቅል መሬት ነበር። እሳቸው ስንት ቀን ዝም ብለው እንደዋሉ የገባኝ ያኔ ነው። ቢያንስ የሚጠብቁት ነገር ነበራቸው።

ከዚያ ሁለት ክረምት አለፈ። ቃሬዛው ሥራ አልፈታም። ካደረሷቸው የዳኑ አሉ፤ ከመንገድ የመለሷቸውም አሉ። ከመንገድ የተመለሱትን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ልጆቻቸው ይህን ግድግዳ ያነባሉ። መኪናዋ እንድትመለስ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ተጽፎ ነበር፤ በጥሩ የመሥሪያ ቤት አማርኛ። መልስ አልነበረም። አራተኛውን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ «እስቲ የፈንታዬ ልጅ ትሞክረው» አሉ፣ እማዬ ስታስቸግራቸው። እኔ የመሥሪያ ቤት አማርኛ አላውቅም። ያየሁትን ጻፍኩ። ተሸካሚዎቹ ትከሻ የሚለዋወጡባቸውን ቦታዎች፣ መንገዱ ሲጠብ ቃሬዛው ስለሚያዘነብል ሕመምተኛው በነጠላ እንደሚታሰር፣ መሪጌታው ሰማቸውን እንዴት እንደቆረሱ፣ ጋሽ ሰይድ ስንት እጅ እንደቀቧት። ይኸው ነው። ይህንን ነው ኃላፊዎቹ ያነበቡት።

ድሬሰሩ ሄደው አይተዋታል። ጋሽ ሰይድ እስኪታመሙ ድረስ እዚያም ይቀቧት ነበር አሉ። የጋራዡ ሰዎች «ባለ ሰሙ ሽማግሌ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ከሞቱ በኋላ የቀረውን ክረምት ሜዳ ላይ ቆማ ዝናብ ጠጥታለች። ቀብራቸው ላይ ከእኛ አንድም ሰው አልነበረም። አልሰማንማ። ለከማልም ባለፈው ቅዳሜ ጽፌያለሁ፣ አባቱ የት እንደተቀበሩ እንዲያውቅ። እግሩ ደረቅ መሆኑንም ጠይቄዋለሁ።

አሁን ከተማው ለሁለት ተከፍሏል። ብዙ ሰው «አቧራዋን እንዳትነኩ፣ ካማረች እንደገና ይወስዷታል» ይላል። እማዬ ራሷ እንዲህ ነው የምትለው። ድሬሰሩ አልወሰኑም፤ «መቀባቷን እኔ አላወቅሁም፣ ሰው ከመጣ ግን ግቢው ክፍት ነው፤ ለልጆቹ ንገሪ» ብለውኛል። እኔ ግን እንቀባት ነው የምለው። ካልቀባናት የሚቀጥለው ክረምት ይጨርሳታል፤ ያኔ ደብቀን ያቆየናት ለዝገት ይሆናል። ካማረች ይወስዷታል ለሚል ደግሞ መልሴ ይኸው፤ ይውሰዷትና እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ ጽፌ መልሻታለሁ። በአምስት ወረቀት፣ በአሥር ወረቀት እጽፋለሁ።

እንግዲህ ድሬሰሩ ግቢው ክፍት ነው ካሉ ጥሪዬ ይኸውላችሁ። መኪናዋ ከገባች በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት፣ ጤና ጣቢያው ግቢ። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይዛችሁ ኑ። የኅዳር ማር የቆረጠ ሰፈፉን አይጣል፣ ያምጣልን። ተልባ ያለው ተልባ። በየሳምንቱ አንድ እጅ፣ ሰባት ቅዳሜ ነው። መቀባት የማይችል ለወሬ ይምጣ፤ ጥበቃው ረጅም ነው፣ ጨዋታ ያስፈልጋል። ይህንን ያነበባችሁ ማንበብ ለማይችሉት ንገሩ፤ ጠንካራ ክንድ ያለው አብዛኛው ሰው እዚያ ነው።